ያልተነሣው ራጅ

ባለቤቴ የታችኛውን የመንጋጋ ጥርሱን ያስነቀለው ሰኞ ዕለት ነበር፤ የተቀበረው በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ነው። በመካከሉ ያሉትን ቀናት ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ለሌላ ሰው ስጽፍ እጄ አይያዝም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ልጆች ወደ ቤቴ ይመጣሉ፤ የአንዷን ፓስፖርት አሠሪዋ ይዛባታለች፣ አንዷ የመኖሪያ ፈቃዷን ማሳደስ ትፈልጋለች። በፈረንሳይኛም በአማርኛም ማመልከቻ እጽፍላቸዋለሁ። የራሴ ሲሆን ግን አንድ መስመር ጽፌ ተነሥቼ የታጠበ ዕቃ መልሼ አጥባለሁ።

የምንኖረው ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ነው። የባለቤቴ አያት በባቡር ሥራ ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ አባቱም እሱም እዚሁ ተወለዱ። እሱ አምቡሊ አየር ማረፊያ፣ የመንገደኞች ሻንጣ በሚራገፍበት ክፍል ይሠራ ነበር። ልጅ አልወለድንም። ሁለት ሰው ብቻ በሆነበት ቤት አንዱ ሲታመም ሌላው ሐኪምም አስታማሚም ጠባቂም ይሆናል። ስለዚህ ክሊኒኩን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

በመንግሥት ሆስፒታል አንዲት በዕድሜ የገፉ የጥርስ ሐኪም እንዳሉ አውቅ ነበር። ነገር ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ እሱ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ነበር የዋለው። የግል ክሊኒኩ ሐኪም እናቱ ከእኛ ወገን ስለሆነች አማርኛ ይናገራል ብለው ነገሩኝ። ይህ በቂ መሰለኝ። ባለቤቴ በሥራው ፈረንሳይኛ ይናገራል፣ ከጎረቤት ጋር በሶማልኛ ይቀልዳል፣ ገበያ በአረብኛ ይከራከራል። ሲያመው ግን የሚቀረው አማርኛ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑትም ነው። «እናቴ፣ እርስዎም ይግቡ» ብሎ አስገባኝ። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ሳይጋደም፣

«ስኳር አለበት» አልኩ።

«መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳሉ?»

«ሳስታውሰው።»

«ታስታውሰኛለች» አለ ባለቤቴ። «ከክኒኑ ይልቅ የምትመረው እሷ ናት።»

ሐኪሙ ሳቀ። ጓንቱን አጠለቀ፣ ማደንዘዣውን ወጋው፣ ትንሽ ጠበቀ። ራጅ አላነሣም። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው የራጅ መሣሪያው በክፍሉ ጥግ በጨርቅ ተሸፍኖ ስለቆመ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ቦርሳዬንም ያንጠለጠልኩት በእጀታው ላይ ነበር።

ጥርሱ በቀላሉ አልወጣም። ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኖ፣ «ሥሩ በጣም ረጅም ነው» ሲል ባለቤቴ በደነዘዘ አፉ፣ «የባቡር ሠራተኛ ዘር ነኝ፤ መጀመሪያ ብሎኑን ፍታው» አለው። እኔም ሐኪሙም ሳቅን። ይህን ሳቅ ከዚያ በኋላ ስንቴ እንደተጸጸትኩበት አላውቅም። ሰው ሲስቅ መጠየቅ ያለበትን አይጠይቅም።

ሲያበቃ ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ክኒን አዘዘለት፤ በጨው ውኃ ይጉመጥመጡ አለው። ትንሽ ያብጣል፣ አይደንግጡ አለው። ሌላ መድኃኒት አልጻፈም። እኔ መውጫው ላይ ከፍዬ ደረሰኙን ሳላነብ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የቀጠሮ ካርዱን ለእሱ ሰጡት፤ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። በዚህ ከተማ ጃኬት የሚለብስ ሰው ብርቅ ነው፤ አየር ማረፊያው ውስጥ ግን የማቀዝቀዣው ብርድ አጥንት ስለሚሰብር እሱ ለሥራ ብሎ የገዛው ግራጫ ጃኬት ነበረው፣ ከሥራም ቀጥታ ነበር የመጣው። ደጅ ስንወጣ ፋሻ ነክሶ ስለነበር ሁለት ጣቱን አነሣልኝ። ሁለት ሳምንት ማለቱ ነው ብዬ ተረዳሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ እጽፈዋለሁ፤ ረዝሞ ሊጻፍልኝ አልቻለም። ማክሰኞና ረቡዕ ጉንጩ አበጠ። «ያብጣል ብሎኛል» አለኝ። ሐሙስ እብጠቱ ወደ አገጩ ሥር ወረደ። ዓርብ ሾርባ ብቻ ጠጣ። ቅዳሜ ጠዋት ምራቁን መዋጥ አቃተው፤ አንገቱን ስነካው እንደ እንጨት ደርቋል። ጎረቤቴ ታክሲ ጠርታልኝ ሆስፒታል ወሰድነው። የተቀበለን ሐኪም አፉን ሊያስከፍተው ሞክሮ አልሆነለትም። ወደ እኔ ዞሮ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ጥርሱን የነቀለው ማን ነው፣ ራጁስ የታለ? ለመጀመሪያው መለስኩ። ሁለተኛውን «አልተነሣም» ብዬ ስመልስለት ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። ቁስሉ አመርቅዞ መርዙ ወደ አንገቱና ወደ ደሙ ገብቶ ነበር፤ ስኳሩም አግዞታል። ሰኞ ማለዳ ሞተ።

አርባው እስኪወጣ ከቤት አልወጣሁም። የባል ሐዘን ያለባት ሴት ከለቅሶ ቤት ተነሥታ ቢሮ ለቢሮ ብትዞር ሰው ምን ይላል የሚል ነገር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን እግሬም አልሄደም። በአርባው ዕለት ተዝካሩን አወጣን። ልብሱን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፤ ለተቸገረ እንዲሰጡልኝ። እንዲህ ነው የምናደርገው፤ የሟች ልብስ ቤት ውስጥ ተንጠልጥሎ አይቆይም። ጃኬቱን ግን አላጠብኩትም። የእሱ ሽታ ነበረበትና ውኃ ውስጥ ልነክረው አልቻልኩም። እንዳለ አጥፌ ከሚሰጡት ልብሶች ሥር አደረግሁት። ኪሱንም አልፈተሽኩም።

ከዚያ በሳምንቱ ቁልፍ ስፈልግ ቦርሳዬ ውስጥ ደረሰኙን አገኘሁት። ያን ዕለት ነው መጀመሪያ ያነበብኩት። ሦስት ነገር ተጽፎበታል፤ ማደንዘዣ፣ ጥርስ መንቀል፣ ራጅ። የመጨረሻዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። የሆስፒታሉ ሐኪም ዓይኑን ከእኔ ላይ ያነሣበት ሁኔታ ትዝ አለኝ። ገንዘቡ አልነበረም ያሳመመኝ። ጥርሱን የነቀለው ሐኪም ራጅ መነሣት እንዳለበት አውቆ ነው ያላነሣው የሚለው ሐሳብ ነው።

ክሊኒኩ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ወጣት ልጅ ናት፣ በፈረንሳይኛ ነው የተነጋገርነው። የባለቤቴን ፋይልና ራጁን እፈልጋለሁ አልኳት።

«ማዳም፣ ፋይሉ የዶክተሩ ነው።»

«ጥርሱ የባለቤቴ ነበር።»

«ባለቤትዎ ራሳቸው ይምጡና ይጠይቁ።»

አላወቀችም። ሞቷል ስላት እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ወዲያው ግን ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ዶክተሩ ሥራ ላይ ነው፣ ፋይል ለሰው አይሰጥም አለችኝ። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አፍሬ ወጣሁ።

በማግሥቱ ወደ መንግሥት ሆስፒታሏ አሮጊት ሐኪም ሄድኩ። መጀመሪያውኑ መሄድ ወደነበረብኝ ቦታ ማለት ነው። ወረፋ ይዤ እስከ ቀትር ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ወንበሩን አሳዩኝ።

«የታመምኩት እኔ አይደለሁም» አልኳቸው።

«ታዲያ ማን ነው?»

ነገርኳቸው። ጓንታቸውን አውልቀው ሰሙኝ። ደረሰኙን ወደ መስኮቱ ይዘው አነበቡት።

«የስኳር በሽተኛ፣ የመረቀዘ ጥርስ፣ አንቲባዮቲክ የለም፣ ራጅ የለም» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አጥፍቷል አልልሽም፤ አፉን እኔ አላየሁትም። ፋይሉ ሳይታይ ማንም ሊናገር አይችልም። አንቺ ግን ፋይሉን የመጠየቅ መብት አለሽ።»

«ጠይቄ ከለከሉኝ።»

«እንዴት ነው የጠየቅሽው?»

«በቃል።»

«በቃል የተጠየቀ ነገር የለም። በሰው ፊትም አትጨቃጨቂ፤ በኋላ ታማለች፣ ሐዘን አሳብዷታል ይሉሻል። ደብዳቤ ጻፊ። የፋይሉን ቅጂ፣ የራጁን ቅጂ፣ ብለሽ ለይተሽ ጠይቂ። በሁለት ቅጂ አድርጊና በአንዱ ላይ ተቀብለናል የሚል ማኅተም አስመትተሽ ያዢ። የጋብቻና የሞት ወረቀቱን አያይዢ። ከሰጡሽ ለእኔ አሳዪኝ። ካልሰጡሽ የማኅተሙን ወረቀት ይዘሽ የጤና መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ክፍል ሂጂ። ደረሰኙን ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ፣ ቅጂውን ብቻ።» ደረሰኙን መለሱልኝ። «ሳትረሺው ደግሞ ያየሽውን ሁሉ ጻፊ፣ ቀን በቀን። የሚጠቅምሽን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም።»

ለሌሎች እህቶች ስንት ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሴት፣ ለራሴ በቃል ሄጄ ጮህኩ። ወደ ቤት ስመለስ በዚህ ነገር ፈገግ አልኩ፤ ባለቤቴ ቢኖር አንድ ወር ይስቅብኝ ነበር።

ጎረቤቴ ሶማሊ ናት፣ ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርተናል። ደብዳቤውን ስጽፍ በር ላይ ቆማ አየችኝና፣ «አባዮ፣ ዶክተር ልትከሺ ነው?» አለች። እኅቴ ማለቷ ነው፤ ሁልጊዜ የምትጠራኝ በዚሁ ነው።

«ወረቀት ነው የምጠይቀው።»

«ወረቀቱ ያስነሣዋል?»

«አያስነሣውም።»

«ታዲያ?»

ብዕሩን መልሼ አነሣሁ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ደብዳቤውን ጨርሼ እስካጥፈው ጠበቀችኝ፤ ወደ ክሊኒኩም አብራኝ ሄደች። እንግዳ ተቀባይዋ ማኅተም ለመምታት ስታመነታ ጎረቤቴ በሶማልኛ አንድ ነገር አለቻት፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ልጅቷ መታችልን።

ቅጂው ከብዙ መመላለስ በኋላ ተሰጠኝ። አንድ ገጽ ነው። ራጅ የለበትም፤ «ራጅ ተነሥቷል፣ የተለየ ነገር አልታየም» የሚል ግን ተጽፎበታል። ይህን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅሁት ከሥሩ ያለውን ነው። «በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እንዲታይ ለታካሚው ተነግሮታል። አልመጣም።»

ወረቀቱን ይዤ መንገድ ዳር በአንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆምኩ። የሰው ጉዳይ ስጽፍ፣ አሠሪ ውሸት ጻፈ ሲሉኝ፣ ወዲያው አምናቸዋለሁ። ይህን ግን ውሸት ነው ማለት አልቻልኩም። ባለቤቴ ከዚህ በፊት ደብቆኛል። ስኳር እንዳለበት የነገሩት ጊዜ ለአራት ወር ሳይነግረኝ ቆይቷል፤ ክኒኑን ሥራ ቦታ እያስቀመጠ። ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። «እንዳትጨነቂ ብዬ» ነበር ያለኝ። ያኔ ማል አልኩት፤ ሁለተኛ ሕመም እንዳይደብቀኝ ማለልኝ።

ሁለት ጣቱን ያነሣው ምን ለማለት ነው? ሦስት ቀን ተብሎ ቢሆንስ? ላለመመላለስ፣ እኔን ላለማስጨነቅ፣ ሁለት ሳምንት ብሎኝ ቢሆንስ? ከሆነ የገደለው ሐኪሙ አይደለም። ከሆነ ደግሞ ያ መሐላ ምንም አልነበረም፤ ከጎኑ የኖርኩት ሰላሳ ዓመትም ግማሹ እኔ የማላውቀው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራጁን ረሳሁት ማለት ይቻላል። የምፈልገው ያችን ካርድ ሆነ።

ካርዷ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ናት። ጃኬቱ ደግሞ በእጄ ለእግዚአብሔር የሰጠሁት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ልብሱን ያከፋፈሉትን ዲያቆን ስጠይቃቸው ደነገጡ፤ የተሰጠ ምጽዋት መልሼ የምወስድ መስሏቸው። ኪሱን ብቻ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ጃኬቱን የወሰደው ራስ ዲካ አካባቢ፣ በባሕሩ በኩል፣ የአንድ ቢሮ ዘበኛ የሆነ የእኛ ሰው እንደሆነ ነገሩኝ።

ከሰዓት በፊት ሄድኩ። በሩ ጥላ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ከሩቅ ሆኜ እንኳን ጃኬቱን ለይቼዋለሁ። አልለበሰውም። አጥፎ ወንበሩ ላይ አድርጎ ተቀምጦበታል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ብድግ አለ፤ ጃኬቱን አንሥቶ በእጁ እያራገፈ፣

«ይቅር በሉኝ፣ እትዬ። ይሞቃል፤ ለመልበስ አይመችም። ወንበሩ ደግሞ ተሰንጥቆ…» አለ።

«ተቀመጥበት፣ የአንተ ነው» አልኩት። «ኪሱ ውስጥ የነበረ ወረቀት ነው የፈለግሁት።»

ኪሱን ገልብጦ አሳየኝ፤ ባዶ ነው። ልሄድ ዞርኩ። እሱ ግን የኪስ ቦርሳውን አውጥቶ ከመታወቂያው ጀርባ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ፈታ። አንድ የአውቶቡስ ቲኬት፣ አንድ የሥራ ቦታ ወረቀት፣ ካርዷ።

«የሞተ ሰው ወረቀት እንዴት እጥላለሁ» አለ። «ጥያቄ ያለው ሰው ይመጣል ብዬ አስቀመጥኩት።»

ካርዷ ላይ የክሊኒኩ ማኅተም አለ። ቀኑ በእንግዳ ተቀባይዋ እጅ ተጽፏል። እዚያው ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከሰኞ እስከ ሰኞ፣ ከሰኞ እስከ ሰኞ። አሥራ አራት ቀን። ዘበኛው ውኃ አምጥቶልኝ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ጠጥቼው እንደሆነ ግን አላስታውስም። አልዋሸኝም ነበር። እንደዚያ ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬ መሰለኝ፣ ምክንያቱም ዘበኛው «ማን፣ እትዬ?» አለኝ።

አሮጊቷ ሐኪም ደረሰኙን፣ ፋይሉንና ካርዱን ጎን ለጎን አድርገው አዩ፤ አስተያየታቸውን ጽፈው ፈረሙልኝ። የቅሬታ ማመልከቻዬን አስገባሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተጠራሁ።

ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ማራገቢያው ይንጫጫል። አንዲት ኃላፊ ሴትና ሁለት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። የጥርስ ሐኪሙ ከእኔ ትይዩ ነው፤ ከስቷል። ኃላፊዋ በፈረንሳይኛ ራጁ የት እንዳለ ጠየቀችው። ጠፍቷል አለ። መሣሪያው የሚያስቀራቸው መዛግብት አሉ፣ እነሱስ? እሱ ቀና ብሎ ማራገቢያውን አየ። ካርዱን አሳየችው፤ ፋይሉ ሦስት ቀን ይላል፣ ካርዱ አሥራ አራት ቀን ይላል። ልጅቷ ተሳስታ ነው አለ። ቀጥሎ፣

«ግን በሦስተኛው ቀን እኔ ራሴ ደውዬለታለሁ። ካመመዎት ይምጡ ብዬዋለሁ። ደህና ነኝ አለኝ» አለ።

ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረች። «ማዳም፣ ይህ ስልክ ተደውሏል?»

አሮጊቷ ሐኪም ሁሉንም ጻፊ ብለውኝ ነበር። እኔ ያን ስልክ አልጻፍኩትም። ሆን ብዬ እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ሐሙስ ከሰዓት ነበር፤ ባለቤቴ ማራገቢያው ሥር ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ እርጥብ ጨርቅ አንገቱ ላይ አድርጌለታለሁ። ስልኩ ጮኸ። ተነሥቶ ተቀመጠ። «አለሁ፣ አለሁ። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና ነዎት? እናትዎ ደህና ናቸው? ተመስገን። እሺ፣ በቀጠሮዬ እመጣለሁ።» ዘግቶ፣ «ዶክተሩ ነው፣ ጥሩ ሰው ነው» አለኝ። ለምን እብጠቱን አልነገርከውም አልኩት። «ሰውዬው ለሰላምታ ደውሎ፣ ሕመሜን ልዘርግፍበት?» አለኝ። እኔም አልገፋሁበትም። ስልኩን ተቀብዬ መልሼ አልደወልኩም። ሲጠየቅ አመመኝ የሚል ሰው በቤታችን አልነበረም፤ በአባቴ ቤትም፣ በእሱ አባት ቤትም አልነበረም።

አልተደወለም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ለባለቤቴ ይጠቅማል ብዬም አሰብኩ። ግን እሱ እንዳልዋሸኝ ለማወቅ ነበር ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት፤ ስለ እሱ ብዬ እንዴት እዋሻለሁ?

«ተደውሏል» አልኩ። «ይምጡ ብሎት እንደሆነ አላውቅም። እኔ የሰማሁት የባለቤቴን አፍ ብቻ ነው። በቀጠሮዬ እመጣለሁ ሲል ሰምቻለሁ።»

ኃላፊዋ ጻፈች። ሐኪሙ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ያን ጊዜ ነው ወደ እሱ ዞሬ በአማርኛ የተናገርኩት፤ በፈረንሳይኛ ልለው አልቻልኩም።

«ዶክተር፣ እርስዎን ያሳደገችው የእኛ ሴት ናት። እናትዎ ስትታመም ደህና ነኝ ሳትል የቀረችበት ቀን አለ? የእኛ ሰው በስልክ ደህና ነኝ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እዚህ ከተቀመጡት ሁሉ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ ባሌን ወደ እርስዎ ያመጣሁት ለዚህ ነበር።»

ኃላፊዋ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችው። አማርኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው በክፍሉ አልነበረም። እኔ ራሴ ልተረጉመው እችል ነበር፤ አልሞከርኩም። እሱ ጠረጴዛውን እያየ ቆየ። ከዚያ ቃል በቃል፣ ምንም ሳይቀንስ፣ እናቱንም ጨምሮ ተረጎመው። ፈረንሳይኛው ከእኔ አማርኛ ይልቅ ረጋ ያለ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ተከትሎኝ ወጣ። «እናቴ፣ ስለ ስልኩ እውነቱን ስለተናገሩ…» ብሎ ጀመረ። ሊያመሰግነኝ ነበር። «እባክዎን ይተዉኝ» አልኩት፤ ተወኝ። ጎረቤቴ ደረጃው ሥር ትጠብቀኝ ነበር። አሸነፍሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

ውሳኔው በደብዳቤ መጣ። ራጅ ሳይነሣ እንደተነሣ ተደርጎ መከፈሉ ተረጋግጧል ይላል። በፋይሉ ላይ ያለው የሦስተኛ ቀን ማስታወሻ ከታካሚው ሞት በኋላ የተጨመረ ነው ይላል። ሐኪሙ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ታግዷል። ከዚያ የመጨረሻው አንቀጽ፤ ሕክምናው ለሞቱ ምክንያት መሆኑን ለመወሰን አልተቻለም፣ ታካሚው በሦስተኛው ቀን በስልክ ተጠይቆ ደህና መሆኑን ስለገለጸ።

እኔ ነኝ ያንን ለእነሱ የሰጠሁት። ይህን አንቀጽ ሳነበው የባለቤቴ ድምፅ፣ ያ በወፈረ አንደበት «ተመስገን» ያለው፣ ማኅተም ተመትቶበት የተመለሰልኝ መሰለኝ። ጎረቤቴ በሶማልኛ እስክትቆጣኝ ድረስ አለቀስኩ። አሮጊቷ ሐኪም ደግሞ ውሳኔውን አንብበው፣ «ይግባኝ አለው» አሉኝ። «ስልኩን ያመንሽው አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ የቀረውንም ያምኑሻል። የስኳር በሽተኛን በስልክ ደህና ነህ ብሎ መጠየቅ ምርመራ አይደለም። ይህን እኔ እጽፋለሁ። አንቺ የአንቺን ጻፊ።»

የይግባኙ ቅጽ አንድ ገጽ ነው። «የቅሬታው ምክንያት» በሚለው ሥር የተተወው ቦታ አራት መስመር ነው። በዚያ ውስጥ የሚገባውን ለማግኘት ነው ይህን ሁሉ በሌላ ወረቀት የጻፍኩት፤ ብዙ ሳምንት ፈጀብኝ። ዛሬ ጠዋት ሞላሁት። በፈረንሳይኛ ነው፣ በአማርኛ እንዲህ ይላል፤

«ባለቤቴ ደህና ነኝ ያለው ታሞ ሳለ ነው፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ፣ አንገቱ አብጦ ነበር። ስኳር እንዳለበት ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት በእኔ አፍ ተነግሯል። ሐኪሙ በደወለበት ቀን አፉን በዓይኑ ሳያይ፣ በቃሉ ብቻ ተወው። እኔም በቃሉ ተውኩት፤ እኔ ግን ሐኪም አልነበርኩም።»